147,573,952,589,676,412,927፦ አካፋዩ 27 ዓመት የጠፋ ቁጥር

ሃያ አንድ አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። በ3 አይካፈልም፣ በ5 አይካፈልም፣ በ7ም አይካፈልም። እንዲህ እያላችሁ በእጃችሁ ብትቀጥሉ ዕድሜያችሁ ያልቃል እንጂ የሚያካፍለው ቁጥር ላይ አትደርሱም።

በ1644 አንድ ፈረንሳዊ መነኩሴ ይህ ቁጥር ፕራይም ነው፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ብሎ ጻፈ። በ1876 ሌላ ፈረንሳዊ ተነስቶ አይደለም አለ፤ ማረጋገጫም ነበረው። በምን እንደሚካፈል ግን አልተናገረም፤ እሱም አያውቅም ነበር። አካፋዮቹ በአደባባይ የታዩት በ1903 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኔን የሚስበኝ መሀል ላይ ያለው 27 ዓመት ነው። አንድ ቁጥር እንደሚካፈል በእርግጠኝነት እየታወቀ፣ በምን እንደሚካፈል ማንም ሳያውቅ እንዴት ይኖራል? ትምህርት ቤት የተማርነው እኮ አካፋዩን አግኝተን ነው "ፕራይም አይደለም" የምንለው። እዚህ ላይ ነገሩ ተገልብጧል።

ቁጥሩ ከየት መጣ

2ን ውሰዱና በራሱ 67 ጊዜ አባዙት። ከውጤቱ 1 ቀንሱ። በአጭሩ 2⁶⁷ − 1 ነው። ኮምፒውተር በሚጽፍበት በ0 እና በ1 ቢጻፍ ደግሞ 67 አንዶች ተደርድረው ይታያሉ፤ አንድም ዜሮ የለበትም።

እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የተፈለጉት ለአንድ ጥንታዊ ጉዳይ ነው። 6 ከራሱ በቀር አካፋዮቹ 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ሲደመሩ 6 ይመጣሉ። 28ም እንደዚሁ፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ 28 ናቸው። ግሪኮች እነዚህን ፍጹም ቁጥሮች ይሏቸው ነበር። ኤውክሊድ ያሳየው መንገድ ቀላል ነው፤ 2 በራሱ ተደጋግሞ ተባዝቶ፣ ከውጤቱ 1 ተቀንሶ ፕራይም ከተገኘ፣ ከዚያ ላይ አንድ ፍጹም ቁጥር ይሠራል። ስለዚህ ጥያቄው፦ 2ን ስንት ጊዜ አባዝተን 1 ስንቀንስ ፕራይም እናገኛለን?

የማባዛቱ ብዛት ራሱ ፕራይም መሆን አለበት። ይህ ግን አይበቃም። 11 ፕራይም ነው፤ 2¹¹ − 1 ግን 2047 ነው፣ 2047 ደግሞ 23 ሲባዛ በ89 ነው።

ማረን መርሰን የተባለው የፓሪስ መነኩሴ በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ እስከ 257 ድረስ የሚሠሩት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው ብሎ ዘረዘረ። እስከ 19 ያለው ከሱ በፊት ተረጋግጦ ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን እንዴት አወቀ? በዚያን ጊዜ በነበረው መሣሪያ ሊያረጋግጥ አይችልም ነበር። በግምት ነው ማለት ይቀላል። 67 የ61 የጽሑፍ ስህተት ሊሆን ይችላል የሚሉም አሉ፤ 2⁶¹ − 1 በእርግጥ ፕራይም ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም። ያም ሆነ ይህ መርሰን በዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ ስሙ ትልቅ ነበርና ዝርዝሩን ለረጅም ጊዜ የተከራከረው የለም። እነዚህ ቁጥሮችም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ።

በእጅ የማይሞከር ነገር

ሃያ አንድ አሃዝ ያለውን ቁጥር በተለመደው መንገድ ለመፈተን እስከ ስኩዌር ሥሩ ያሉትን ፕራይሞች አንድ በአንድ መሞከር ያስፈልጋል። የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሥር ከ12 ቢሊዮን ይበልጣል። ከዚያ በታች ያሉት ፕራይሞች ከ500 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በየሰከንዱ አንድ ብትሞክሩ፣ ሳትተኙ፣ ሳትበሉ፣ 17 ዓመት ይፈጅባችኋል። በሰከንድ አንድ ማካፈል የሚችል ሰው ደግሞ የለም።

ኤድዋር ሉካስ ይህን ሁሉ ዘሎ ነው የሄደው። በ1876 ያወጣው ዘዴ አካፋይ አይፈልግም። ዛሬ የምንጠቀምበት መልክ በኋላ ሌመር የተባለ የሒሳብ ሊቅ ያቀለለው ነው፤ ለማንም ይገባል። ከ4 ጀምሩ። ስኩዌር አድርጉና 2 ቀንሱ። ውጤቱን ለምትፈትኑት ቁጥር አካፍሉና ቀሪውን ብቻ ያዙ። በዚያ ቀሪ ደግሞ ያንኑ ድገሙ። የሚደገመው ከማባዛቱ ብዛት 2 ተቀንሶ ነው። መጨረሻ ላይ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ፕራይም ነው፤ ዜሮ ካልሆነ አይደለም። በቃ።

በ31 እንየው፤ 31 ማለት 2⁵ − 1 ነው፣ ስለዚህ ሦስት ጊዜ እንደግማለን። 4 ስኩዌር ሲቀነስ 2፣ 14። 14 ስኩዌር ሲቀነስ 2፣ 194፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8። 8 ስኩዌር ሲቀነስ 2፣ 62፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ። 31 ፕራይም ነው።

አሁን 2047ን እንሞክር። ዘጠኝ ጊዜ ይደገማል። ቀሪዎቹ 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1877፣ 240፣ 282፣ 1736 ናቸው። መጨረሻው 1736 ነው፤ ዜሮ አይደለም። ስለዚህ 2047 ይካፈላል። ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ 23 የለም፣ 89ም የለም። 1736ን ብታገላብጡት ስለ 23 ምንም አይነግራችሁም።

ገበያ ላይ እንስራ የምትገዛ ሴት በጣቷ ታንኳኳዋለች። የተሰነጠቀው ድምፁ ይለያል፤ ስንጥቁ የት ጋ እንደሆነ ግን ድምፁ አይናገርም። የሉካስ ዘዴም እንዲሁ ነው።

ሉካስ 2¹²⁷ − 1 ፕራይም መሆኑንም በዚያው ዓመት አረጋግጧል፤ 39 አሃዝ አለው። በ67 ላይ ግን መርሰን ተሳስቷል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ እዚያው ቆመ።

ኮል ምን ይዞ ተነሳ

አካፋዮቹን በ1903 ያሳየው ፍራንክ ኔልሰን ኮል በ1861 ማሳቹሴትስ ውስጥ የተወለደ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነው። ከ1896 እስከ 1920 የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ጸሐፊ ነበር። ቃለ ጉባኤ፣ ደብዳቤ፣ የመጽሔት ዝግጅት፤ ሥራው ይሄ ነው። ዛሬ በስሙ የሚሰጠው ሽልማት በአልጀብራና በቁጥር ቲዎሪ ትልቅ ክብር አለው።

ኮል ባዶ እጁን አልነበረም። የመርሰን ቁጥር አካፋዮች እንደ ልባቸው አይሆኑም፤ ደንብ አላቸው። ደንቡን በ23 እና በ2047 እዩት። 2ን እያጠፍን ለ23 ስናካፍል ቀሪዎቹ እንዲህ ይወርዳሉ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 9፣ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12፣ 1። በ11ኛው ላይ 1 መጣ። 1 ከመጣ በኋላ እንደገና 2፣ 4፣ 8 እያለ ይዞራል። የዙሩ ርዝመት 11 ነው። በሌላ በኩል ፌርማ የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ያገኘው ነገር አለ፤ ለማንኛውም ጎዶሎ ፕራይም ከራሱ 1 በሚያንስ ደረጃ ላይ ቀሪው 1 ይሆናል። ለ23 ይህ 22ኛው ደረጃ ነው። ስለዚህ 22 በ11 መካፈል አለበት፤ ይካፈላልም።

ለ67ም ያው ነው። ቁጥራችንን የሚያካፍል ፕራይም ካለ 1 ሲቀነስለት በ67 ይካፈላል። ጎዶሎ ስለሆነ ደግሞ 1 ሲቀነስለት በ2ም ይካፈላል። እንግዲህ አካፋዩ የ134 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት ማለት ነው። ሌላ ደንብም አለ፤ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበት።

እነዚህ ሁለት ደንቦች ምን ያህል እንደሚጠርጉ ለማየት ከታች እንጀምር። የ134 ብዜት ሲደመር 1፦ 135፣ 269፣ 403፣ 537፣ 671፣ 805፣ 939፣ 1073፣ 1207፣ 1341፣ 1475፣ 1609። የ8 ደንብ 269ን፣ 403ን፣ 805ን፣ 939ን፣ 1341ን እና 1475ን ያወጣቸዋል። ከቀሩት 135 በ5 ይካፈላል፣ 537 በ3፣ 671 በ11፣ 1073 በ29፣ 1207 በ17። እነዚህም ወጡ። ስለዚህ ሊሞከር የሚገባው የመጀመሪያው ቁጥር 1609 ነው። ከሱ በታች አንድም ሳይካፈል ሁሉም ተጣሉ።

ግን ይህም አይበቃም። አካፋዩ ሩቅ ነው፤ 193,707,721 ነው። እዚያ እስኪደረስ ሁለቱን ደንቦች የሚያሟሉ ፕራይሞች፣ እኔ በግርድፉ ስገምታቸው፣ ወደ 80 ሺህ ይሆናሉ። ኮል ሥራው ሦስት ዓመት እሁድ እሁድ ወሰደብኝ ብሏል ይባላል። ሦስት ዓመት 156 እሁድ ነው። በየእሁዱ አሥር ሰዓት ቢቀመጥ 1,560 ሰዓት ይሆናል። 80 ሺሁን አንድ በአንድ ቢሞክር በሰዓት ከ50 በላይ ማጠናቀቅ ነበረበት፤ ያውም አካፋዩ የት እንዳለ ሳያውቅ፣ በብዕርና በወረቀት። አይሆንም። ሌላ ወንፊት ያስፈልገው ነበር።

ወንፊቱ የስኩዌር ቀሪ ነው። ሀሳቡ ይህ ነው። አንድ ቁጥር ስኩዌር ተደርጎ ለትልቁ ቁጥራችን ሲካፈል ትንሽ ቀሪ ቢተው፣ ያ ቀሪ ለእያንዳንዱ አካፋይም የስኩዌር ቀሪ ይሆናል። ይህን ማሟላት የሚችሉት ከእጩ ፕራይሞች ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። አንድ እንዲህ ያለ መረጃ ባገኛችሁ ቁጥር የእጩዎቹ ብዛት ወደ ግማሽ ይወርዳል። አሥር ብታገኙ ከሺህ አንድ ያህል ይቀራል። ቀደም ብዬ ያነሳሁት የ8 ደንብም የዚሁ ዘር ነው፤ 2³⁴ ስኩዌር ሲደረግ ለቁጥራችን ቀሪው 2 ይሆናልና፣ 2 ለአካፋዮቹ ሁሉ የስኩዌር ቀሪ ነው። ኮል በ1903 መጨረሻ ባሳተመው ጽሑፍ የሄደው በዚህ መንገድ ነው፤ ብዙ ትናንሽ ቀሪዎችን እየሰበሰበ የፍለጋውን ሜዳ አጠበበ።

እውነቱን ለመናገር ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ሰዎች ግን የሚያወሩት ቀጥሎ ያለውን ነው።

ጥቅምት 31፣ 1903

ቅዳሜ ነበር። የማኅበሩ ስብሰባ ኒውዮርክ ላይ ነው። የኮል ርዕስ "ትላልቅ ቁጥሮችን ወደ አካፋይ ስለመተንተን" የሚል ነበር። ታሪኩ እንደሚለው ኮል ተነስቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። በጠመኔ 2ን 67 ጊዜ አባዛ፣ 1 ቀነሰ። ወደ ሌላው የሰሌዳ ክፍል ተሻገረና 193,707,721 ሲባዛ በ761,838,257,287 ብሎ ጻፈ። በእጁ አባዛው። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። ጠመኔውን አስቀምጦ ተቀመጠ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም።

ይህን የተረከው የሒሳብ ታሪክ ጸሐፊው ኤሪክ ቴምፕል ቤል ነው፤ ያተመውም ብዙ አሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። የእሁዶቹም ነገር የመጣው ከሱ ነው። ቤል ጥሩ ተራኪ ነው፤ ታሪክ ሲያሳምር ግን እጁ አይያዝም። ስለዚህ ዝምታውንና ጭብጨባውን እንደ ወግ ያዙት። ስብሰባው፣ ርዕሱ፣ የታተመው ጽሑፍና ሁለቱ ቁጥሮች ግን በሰነድ ያሉ ናቸው።

ቁጥሮቹን ለማመን ደግሞ ቤልም ኮልም አያስፈልጓችሁም። ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል።

መጀመሪያ ቀላሉን። የ193,707,721 አሃዞች ሲደመሩ 37፤ 3 እና 7 አሥር፤ ስለዚህ 1። የ761,838,257,287 አሃዞች 64፤ 6 እና 4 አሥር፤ 1። 1 ሲባዛ በ1 ያው 1 ነውና የብዜቱ አሃዞችም ተደምረው 1 መምጣት አለባቸው። 147,573,952,589,676,412,927 ሲደመር 109 ነው፤ 1 እና 9 አሥር፤ 1። ገጠመ። የመጨረሻ ሁለት አሃዞችም ይገጥማሉ፤ 21 ሲባዛ በ87፣ 1827 ነው፤ ቁጥራችንም የሚያልቀው በ27 ነው። ይህ ስህተት ቢኖር ይጠቁማል እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ማረጋገጫው ይኸውላችሁ። ትልቁን ቁጥር መንካት እንኳ አያስፈልግም። 2²⁷ ማለት 134,217,728 ነው። ከዚህ ተነሱና እያጠፋችሁ ሂዱ። ከ193,707,721 ባለፈ ቁጥር እሱን ቀንሱ። 2²⁸ ላይ 268,435,456 ይሆናል፤ ሲቀነስ 74,727,735 ይቀራል። ቀጥሎ 149,455,470። ቀጥሎ 298,910,940፤ ሲቀነስ 105,203,219። እንዲህ እያሉ ነው። 2³⁸ ላይ 6,650,845 ትደርሳላችሁ። 2⁵⁰ ላይ 122,780,180። 2⁶⁰ ላይ 10,593,391። 2⁶⁴ ላይ 169,494,256። 2⁶⁵ ላይ 145,280,791። 2⁶⁶ ላይ 96,853,861።

አሁን አንዴ እጠፉት። 193,707,722 ይመጣል። 193,707,721 ሲቀነስ 1 ይቀራል።

ይኸው ነው። 2⁶⁷ ለ193,707,721 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ስለዚህ 2⁶⁷ − 1 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ከሩብ ሰዓት ብዙ የማያልፍ ሥራ ነው። መፈለጉ ዓመታት የፈጀ ነገር ማመሳከሩ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያልቃል።

ሁለቱ አካፋዮች ደንቡንም ያከብራሉ። 193,707,721 ማለት 134 ሲባዛ በ1,445,580 ሲደመር 1 ነው፤ ለ8 ቀሪው 1። 761,838,257,287 ደግሞ 134 ሲባዛ በ5,685,360,129 ሲደመር 1 ነው፤ ለ8 ቀሪው 7። ሁለቱም ፕራይም ናቸው፤ ከዚህ በላይ አይበተኑም።

ከዚያ በኋላ

የመርሰን ዝርዝር ቀስ በቀስ ታረመ። 61ን ኢቫን ፔርቩሺን የተባለ ሩሲያዊ ቄስ በ1883 አረጋግጦ ነበር። 89 እና 107 በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተጨመሩ። 67 እና 257 ወጡ። እስከ 257 ያለው ሙሉ በሙሉ ተጣርቶ ያለቀው በ1947 ነው፤ መርሰን ከጻፈ ከ303 ዓመት በኋላ። አምስት ስህተት ተገኘበት።

ዛሬ የኮልን ቁጥር ተራ ላፕቶፕ ዓይን ሳትጨፍኑ ይበትነዋል። በሉካስ እና በኮል ሥራ መሀል ያለው ክፍተት ግን አልጠበበም፤ እንዲያውም ሰፍቷል። በ2024 የተገኘው ትልቁ የታወቀ ፕራይም 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ነው። 41,024,320 አሃዝ አለው። ፕራይምነቱ የተረጋገጠው ከሉካስ በወረደው በዚያው የስኩዌርና የቀሪ ስሌት ነው። በሌላ በኩል ሆን ተብለው ከሁለት ትላልቅ ፕራይሞች የተባዙ የመወዳደሪያ ቁጥሮች አሉ። ከነሱ መሀል 250 አሃዝ ያለው አንዱ በ2020 ሲበተን ብዙ ኮምፒውተሮች ለወራት ሠርተውበታል። ኢንተርኔት ላይ ምስጢር ለመጠበቅ የሚያገለግለው አርኤስኤ የሚባለው ዘዴ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ የሚጠቀምባቸው ቁጥሮች በብዛት ከ600 አሃዝ በላይ ናቸው።

ከመርሰን ቁጥሮች መሀል ደግሞ ዛሬ የ1876ቱ ዓይነት ሁኔታ ላይ ያለ አለ። 2¹²⁷⁷ − 1 ይባላል፤ 385 አሃዝ አለው። ጎረቤቱ 2¹²⁷⁹ − 1 ፕራይም መሆኑ በ1952 ኮምፒውተር ላይ ታይቷል። 1277 ግን የሉካስን ፈተና ወድቋል። ይካፈላል፤ ይህ አያጠራጥርም። በምን እንደሚካፈል እስካሁን ያገኘ የለም። ትንሽ አካፋይ ቢኖረው ኖሮ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ፍለጋ ይያዝ ነበር፤ ስለዚህ አካፋዮቹ በጣም ትላልቅ ናቸው ማለት ነው። ደንቡ ግን ይታወቃል፦ የ2554 ብዜት ሲደመር 1፣ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7።